ልቤን ልብ አላልኩትም

አባዬ መነጽሩን አስተካክሎ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ዕድሜውን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአራሚነት ስለጨረሰ የታተመ ነገር ካየ ግድፈት ሳይለቅም አያስቀምጥም። የዕድር ደንብም ይሁን የመድኃኒት ማሸጊያ፣ እርሳሱ ከደረት ኪሱ ይወጣል። ይሄኛው ወረቀት ግን የወጣው ከራሱ ደረት ነው፤ ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ሥር ከተቀበረችው ፔስሜከር፣ የልቡን ምት ከምትጠብቅለት ትንሽ ማሽን።

"ጃንዋሪ 7፣ 3:12" ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። "ጃንዋሪ 7 ገና ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ ቀርቦልኝ ነበር። ከአርባ ሦስት ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ አይቶ ልቡ የማይዘል ማን አለ?"

ዶክተሯ ሳቀች። "አባባ፣ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው።"

አባዬ እርሳሱን አወጣ። 3:12 የሚለውን በአንድ ሰረዝ ሰረዘና ከላዩ 9:12 ብሎ ጻፈ፤ ከጎኑ በትንሹ "ሌሊት" ብሎ ጨመረ። ያን ሰዓት አራዳ ጊዮርጊስ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር፣ በእግሩ ወደ ቤት መጥቶ፣ ጾሙን ፈትቶ፣ ጋደም ብሏል። ወረቀቱ እንደሚለው ግን የልቡ የላይኛው ክፍል ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 12:52 ድረስ፣ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሙሉ፣ ከሥርዓቱ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረው።

"ምን ተሰማዎት ያን ጊዜ?" አለችው።

"ምንም።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ "ልቤን ልብ አላልኩትም" አላት።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ከየካቲት ጀምሮ ይዤያት እዞራለሁ። አንድን ነገር ማስተዋልን "ልብ ማለት" ብሎ የጠራ ቋንቋ፣ ራሱ ልብ ልብ ሳይባል ሲቀር ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።

ፔስሜከሯ የገባችለት በ2014 ዓ.ም. ነው። አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የከበበው ሰው "ፀሐዩ ነው"፣ "ስኳር ይሆናል"፣ "ቁርስ ሳይበላ ነው" ሲባባል ቆይቶ፣ ኢሲጂ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ሲነሳ ነገሩ ሌላ ሆነ። ከልቡ የላይኛው ክፍል የሚነሳው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወደ ታችኛው መድረስ አቁሟል። የታችኛው ክፍል አለቃው እንደጠፋበት ሠራተኛ በራሱ ጊዜ፣ በደቂቃ ሠላሳ ምናምን ጊዜ እየመታ ነው ነፍሱን ያቆየው። ሁለት ሽቦ ያላት ማሽን ተቀበረችለት። አንዷ ሽቦ ላይኛውን ታዳምጣለች፣ ሌላዋ ለታችኛው ትእዛዙን ታደርሳለች። ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም። በየስድስት ወሩ እንሄዳለን፤ ባለሙያው ማንበቢያውን ደረቱ ላይ ያደርግና ማሽኗ ያጠራቀመችውን ታሪክ ትዘረግፋለች።

ያን ቀን ከዘረገፈችው ውስጥ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ በአጭሩ ኤኤፍ፣ የሚሉት ተገኘ። የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መምታት ትተው መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ የኤሌክትሪኩ ግርግር በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ይደርሳል። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደኛ አዙራ ሁለቱን መስመር አሳየችን። የላይኛው መስመር ሕፃን ልጅ በእርሳስ የሞነጫጨረው ይመስላል። ታች ያለው ግን እኩል እኩል ተሰልፎ የቆመ ነው፤ እንደ አጥር እንጨት።

ይሄ የታችኛው መስመር ነው ነገሩን ያስገረመኝ። ላይ እንዲያ እየታመሰ ታች እንዴት ተረጋጋ? ለካ ማሽኗ ላይኛው ክፍል ሲያብድ ታውቃለች። እሱን እየተከተለች ታችኛውን ማስመታቷን ትታ በራሷ ልክ በዝግታ ታስመታለች። ስለዚህ ያን ሌሊት ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ አጠገቡ ቆሜ እጁን ይዤ የደም ሥሩን ብቆጥር ኖሮ እንደ ግድግዳ ሰዓት ልክ ነበር የማገኘው። ሕመሙን የደበቀችብን እሷ፣ ያጋለጠችውም እሷ ናት።

የኤኤፍ አደጋው ስትሮክ ነው። በግራው የላይኛ ክፍል ጥግ ላይ እንደ ኪስ የተንጠለጠለች ትንሽ ቦታ አለች፤ ክፍሉ በደንብ ካልተኮማተረ እዚያ ውስጥ ደም ይተኛል፣ የተኛ ደም ይረጋል፣ የረጋው ከተነቀለ መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ አንጎል ነው። በኢሲጂ የተረጋገጠ ኤኤፍ ያለበት ሰው ስትሮክ የመመታት ዕድሉ ከሌለበት ሰው በአምስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ የደም ማቅጠኛ ነው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሕመም ተገኘ፣ መድኃኒት አለ፣ እኩል ይሆናል፤ መዝገቡ ይዘጋል። ዶክተሯ ግን የማዘዣ ወረቀቱን አልነካችም።

"ይሄ ኢሲጂ ላይ የተገኘ አይደለም" አለች። "ማሽን ብቻ ያየው ነው። ሌላ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን አንድ ነው ለማለትም አልደፍርም።"

መጀመሪያ ያልገባኝ ይሄ ነው። ቤት ከገባሁ በኋላ ደጋግሜ ሳስበው ግን ቀላል ሆነልኝ። ዱሮ ኤኤፍ የሚገኘው ሰውየው ልቤ ደለቀ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ሲመጣ፣ ወይም ሐኪሙ በሆነ አጋጣሚ የዚያን ቀን ኢሲጂ ሲያነሳ ነው። በአጋጣሚ በተነሳ የጥቂት ሰከንድ ምርመራ ከተያዘ፣ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜውን እዚያ ውስጥ ነው ማለት ነው። አምስት እጥፍ የሚለው ቁጥር የመጣው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። የአባዬ ማሽን ደግሞ ሌት ተቀን፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ሳትተኛ የምታዳምጥ ዘበኛ ናት። ሌት ተቀን የሚጠብቅ ዘበኛ ድመት ሲያልፍም ፊሽካ ይነፋል።

ድመት መሆን አለመሆኑን ማጣራት ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ። ማሽኗ ኤኤፍ ብላ የመዘገበችው ሁሉ ኤኤፍ አይደለም። የታችኛውን ክፍል ምት ከላይኛው ጋር ደርባ ልትቆጥር ትችላለች፤ የሽቦ ችግርም ግርግር መስሎ ይታያል። አሰርት የተባለው ትልቅ ጥናት ላይ ማሽኖቹ ከ6 ደቂቃ በላይ ብለው ከመዘገቧቸው ውስጥ ባለሙያ ሲያያቸው ከስድስቱ አንዱ ገደማ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ዶክተሯ ቁጥሩን ሳይሆን የተቀዳውን ምስል ራሱን፣ መስመር በመስመር፣ አየችው። አባዬ በዚህ በጣም ረካ። "አራሚ ናት" አለኝ ኮሪደሩ ላይ። ከእሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

የዚያን ምሽት የቤተሰቡ ጉባኤ በስልክ ተሰየመ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ! ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች። መድኃኒቱን በሚመጣ ሰው ሻንጣ ልትልክ ተዘጋጅታለች። ወንድሜ ደግሞ "ሰውዬው አልታመመም እኮ! በእግሩ ጊዮርጊስ ሄዶ በእግሩ የተመለሰን ሰው ነው በሽተኛ የምታደርጉት" ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ነበር። እህቴ የምትናገረው ሩቅ ሆና ስለምትፈራው ስልክ ነው። ወንድሜም አራት ኪሎ ስለወደቀው አባቱ ነው የሚያስበው፤ ያን ቀን ከመሬት ያነሳው እሱ ነበር፣ ሁለተኛ ማየት አይፈልግም።

አክስቴ ዝም ብላ ሰምታ ሰምታ፣ "የአይጥ መርዝ ሊያበሉት ነው?" አለች። ሳቅን። ዋርፋሪን ማለቷ ነው፤ በእርግጥም ለሰው መድኃኒት ከመሆኑ በፊት ለአይጥ ማጥፊያ ሲሸጥ የነበረ ነገር ነው፤ ለሰው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። አክስቴ ታውቀዋለች፤ ዓመታት ወስዳዋለች። በልጅነቷ ደጋግሞ ያመማት ጉሮሮ ልቧን በልቶት፣ ሁለቱን የግራ ክፍሎች የሚለየው ቫልቭ ጠብቦባት፣ ኤኤፍ የያዛት ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ነው። የእሷ ዝምተኛ አልነበረም። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ሲደልቅ ከሸሚዟ በላይ ይታይ ነበር። ለእሷ ማንም "እንጀምር ወይስ እንጠብቅ" ብሎ አልተከራከረም፤ በሩማቲክ የጠበበ ቫልቭና ኤኤፍ ከተገናኙ የደም ማቅጠኛ ግድ ነው። ያውም ዋርፋሪን ራሱ። አዲሶቹ መድኃኒቶች ይሻሉ ይሆናል ተብሎ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በ24 አገሮች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ሪቫሮክሳባን ከዋርፋሪን ጋር ተወዳድሮ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች አሮጌው በልጦ ተገኝቷል።

የአክስቴን ሕይወት ያየ ሰው የደም ማቅጠኛን እንደ ከረሜላ አያይም። በየወሩ ደም ትሰጣለች። አይኤንአር የሚባለው ቁጥር በ2 እና በ3 መካከል መሆን አለበት፤ ከወረደ ደሙ ይረጋል፣ ከወጣ ይደማል። ጾም በገባ ቁጥር ቁጥሩ ይወርድባታል። ሐኪሙ ለብዙ ጊዜ መድኃኒቱን እየዘለለች መስሎት ነበር። በኋላ ነው የታወቀው፤ ጎመን ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። መጨረሻ ላይ የተስማሙት ጎመን እንድትተው ሳይሆን በጾምም በፍስክም እኩል እንድትበላ ነው። "እኔ ጎመን የምበላው በሐኪም ትእዛዝ ነው" ትላለች፤ እንግዳ ሲመጣ የምትኮራበት ነገር ነው።

አዲሶቹ ማቅጠኛዎች ጎመን አይፈሩም፤ በየወሩ ደም መስጠትም የለም። ግን ዋጋቸው ከአባዬ ጡረታ ላይ ትልቅ ቁራሽ ይገምጣል፣ መድማቱም አልቀረላቸውም።

ጥርጣሬ ስለበላኝ ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። የት እንደሆነ አልናገርም። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ከላይ አየት አድርጎ፣ "ኤኤፍ ነው፣ ማቅጠኛና አስፒሪን አንድ ላይ ይጀምሩ" አለና ጻፈ። ከዚያ በፊት ጨጓራ አለብዎት ወይ ብሎ አልጠየቀም። ለጉልበቱ ከፋርማሲ እየገዛ የሚውጠውን ዳይክሎፌናክ አልጠየቀም። ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለውን እንኳ አላየም። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ወጣን። አባዬ ማዘዣውን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "ይሄ ልጅ ርዕሱን ብቻ አንብቦ ነው ያሳለፈው" አለ።

በዳይክሎፌናኩ ነበር ወደ ዶክተሯ ስንመለስ የተጀመረው። አስቆመችው። ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ነገ ማቅጠኛ ቢጀመር ደግሞ ሁለቱ አብረው አይሆኑም። የደም ግፊቱን መድኃኒት አስተካከለች። የእንቅርት ዕጢ ምርመራ አዘዘች፤ ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብን ያተራምሳል። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሳ፤ ቫልቮቹ ደህና ናቸው፣ የግራው የላይኛ ክፍል ትንሽ ሰፍቷል። "ሌሊት ያንኮራፋሉ?" አለችው። አባዬ በፍጹም አለ። እኔ ከጎኑ ሆኜ ዓይኔን አፈጠጥኩ። ጻፈች። ቡናውን አልከለከለችውም፤ ይሄን ለዘላለም አይረሳላትም።

ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ የሚታወቀውን ነገረችን። የምጽፈው እሷ ካለችውና እኔ ኋላ ካነበብኩት ተደባልቆ ነው።

አሰርት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ግፊት ያለባቸው፣ ኤኤፍ ተገኝቶባቸው የማያውቅ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,580 ባለ ማሽን ሰዎች ተከትሎ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ የቆየ ዝምተኛ ግርግር ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ስትሮክ የመመታት ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ። ይሄ ያስደነግጣል፤ ግን አምስት እጥፍ አይደለም። ኋላ ላይ ያንኑ መረጃ እንደገና ሲፈትሹት ተጨማሪው አደጋ በግልጽ የታየው ከ24 ሰዓት በላይ በቆየባቸው ሰዎች ላይ ሆነ። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ስትሮክ ከተመቱት ውስጥ ከመመታታቸው በፊት ባለው አንድ ወር ግርግሩ የታየባቸው 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ግርግሩ እሳቱ ነው ወይስ ጭሱ? ያረጀ፣ ግፊት የጎዳው ልብና የደም ሥር ሁለቱንም የሚያመጣ ከሆነስ?

እ.ኤ.አ. በ2023 በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ጥናቶች ወጡ። ኖኣ የተባለው ዝምተኛ ግርግር ያለባቸው፣ አማካይ ዕድሜያቸው 78 የሆነ 2,536 ሰዎችን ይዞ ለግማሹ ከአዲሶቹ ማቅጠኛዎች አንዱን፣ ኤዶክሳባንን፣ ለግማሹ ባዶ ክኒን ወይም አስፒሪን ሰጠ። ጥቅም ሳይታይ፣ መድማት በዝቶ፣ ከጊዜው በፊት ቆመ። አርቴሲያ የተባለው ደግሞ ግርግራቸው ከ6 ደቂቃ እስከ 24 ሰዓት የሆነ 4,012 ሰዎችን ይዞ ሌላውን አዲስ ማቅጠኛ፣ አፒክሳባንን፣ ከአስፒሪን ጋር አወዳደረ። እዚህ ስትሮክ በ37 በመቶ ቀነሰ።

37 በመቶ ሲባል ትልቅ ነው። እኔ ግን በመቶኛ የተነገረኝን ነገር ሁሉ ወደ ፍሬ ቁጥር መመለስ ልማዴ ነው፤ መሥሪያ ቤት ስንቱ "በ40 በመቶ አደገ" የሚባል ነገር ከሁለት ወደ ሦስት የሚጠጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ አንድ ሺህ አዛውንቶች አሰብኩ። ሁሉም እንደ አባዬ ዝምተኛ ግርግር አለባቸው። አስፒሪን ብቻ ቢወስዱ በዓመት 12 የሚሆኑት በስትሮክ ይመታሉ። አፒክሳባን ቢወስዱ 8። አራት ሰው ተረፈ። በዚያው ዓመት ከባድ መድማት የሚደርስባቸው ደግሞ ከ9 ወደ 17 ይወጣሉ። ስምንት ሰው ተጨመረ።

አራት ሲደመር፣ ስምንት ሲቀነስ። እዚህ ላይ ነው ሂሳቤ የከዳኝ። አንዱ ስትሮክ ከአንዱ መድማት ጋር እኩል ነው? መድማቱ አብዛኛው ከጨጓራና ከአንጀት ነው፤ ደም ተሰጥቶ፣ መድኃኒት ቆሞ፣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስትሮክ የወሰደው ቀኝ እጅ አይመለስም። የአባዬ ቀኝ እጅ ደግሞ እርሳስ የሚይዝበት ነው። እንዲህ ሳስብ ወደ እህቴ አዘነብላለሁ። ያረጀ ሰው አንጎል ውስጥም ሊደማ እንደሚችል ሳስብ ወደ ወንድሜ እመለሳለሁ።

ሚዛኑን የሚለየው ሰውየው ራሱ ነው፤ ለዚህም ነጥብ አለ። የልብ ድካም አንድ፣ ግፊት አንድ፣ ስኳር አንድ፣ የደም ሥር በሽታ አንድ፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ ሁለት። ዕድሜ ከ65 እስከ 74 አንድ፤ ከ75 ጀምሮ ሁለት። ሴት መሆን ድሮ አንድ ነበር፤ አውሮፓውያኑ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት መመሪያ ይሄን ትተውታል። በአርቴሲያ ውስጥ ነጥባቸው ከ4 በላይ የሆኑት በዓመት ከመቶው ሁለት ገደማ ይመቱ ነበር፤ ለእነሱ መድኃኒቱ ይከፍላል። ከ4 በታች ለሆኑት አደጋው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ትርፉም ያን ያህል ጠባብ ነው። የአሜሪካኖቹ የ2023 መመሪያ ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ ማቅጠኛ አይሰጥ ይላል። ከ24 ሰዓት በላይ ሆኖ ነጥቡ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መስጠት ተገቢ ነው። በሁለቱ መካከል፣ አባዬ ያለበት ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ነጥቡ 3 ከደረሰ ከሕመምተኛው ጋር ተመካክሮ መጀመር ይቻላል ነው የሚለው። "ይቻላል"። አባዬ ይቺን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገማት።

"እርስዎ አሁን 2 ነዎት" አለችው። "ግፊት አንድ፣ ዕድሜ አንድ። ካርድዎ ላይ ኅዳር 1943 ነው የሚለው፤ ስለዚህ መጪው ኅዳር 75 ሲሞላዎት 3 ይሆናሉ። እስከዚያ ግፊቱን እንያዝ፣ ማሽኑን እናዳምጥ። ረዘም እያለ ከመጣ ኅዳርን አንጠብቅም።"

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። መስኮቱን አየ። የሆነ ነገር ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አላለም።

ከዚያ በቸርቸል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ አዘገምን። ድሮ ከሐኪም በኋላ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት ቦታው እንኳ አይለይም፤ ሠፈሩ ፈርሷል። አባዬ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ በእጁ "እዚህ ጋ ነበር፣ አይ፣ እዚህ ጋ" እያለ ሲያስተካክል ቆየ።

የልብ ምት ስለሚቆጥሩት የእጅ ሰዓቶችም አንድ ነገር ልበል፤ መሥሪያ ቤታችን አንድ ባልደረባ እጁ ላይ ያለችው ሰዓት "ምትህ የተዛባ ሊሆን ይችላል" ብላው ከካዛንቺስ ድንገተኛ ክፍል ድረስ በሩጫ ስለሄደ። ዕድሜው 34 ነው። ሰዓቶቹ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ አብርተው በደም ሥር የሚያልፈውን ደም ከፍ ዝቅ ሲል ይቆጥራሉ፤ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከልብ ኤሌክትሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአፕል ጥናት ላይ ከ419,297 ተሳታፊዎች ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ በኋላ ደረታቸው ላይ በተለጠፈ መመዝገቢያ ከተፈተሹት አንድ ሦስተኛው ላይ ኤኤፍ ተገኘ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከንቱ አይደለም፤ ፍርድም አይደለም። ኢሲጂ ተነስቶ ይጣራል፣ አለቀ። ባልደረባዬ ምንም አልተገኘበትም፤ ሰዓቷን ግን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባታል። ፈልጎ ማግኘት ብቻውን እንደማያድን ዴንማርኮች አይተውታል። ከ70 እስከ 90 ዕድሜ ባላቸው 6,004 ሰዎች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ከቆዳ ሥር መመዝገቢያ የተቀበረላቸው ሰዎች ላይ ኤኤፍ የተገኘው በ32 በመቶ ገደማ ነው፤ ካልተቀበረላቸው ደግሞ በ12 በመቶ ብቻ። መድኃኒትም በዚያው ልክ በዛ። የስትሮክ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም።

ስድስት ወር ጠበቅን። መጠበቅ ሥራ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አባዬ በየጠዋቱ ግፊቱን ለክቶ በተጣራ ጽሑፍ ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ ዳይክሎፌናክ ጨዋታ የለም፤ ጉልበቱን በሞቀ ውሃ ነው የሚያባብለው። እህቴ በየእሑዱ ትደውላለች። ፊቱ ጠመም ብሎ እንደሆነ፣ ንግግሩ ተኮላትፎ እንደሆነ፣ አንድ እጁ ዝሎ እንደሆነ በቪዲዮ ታየዋለች፤ እሱም ለማናደድ አንዳንዴ አፉን ያጣምምላታል። አንድ ቀን አለቀሰችበት፤ ከዚያ ወዲህ ተወ። አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኝ ነበር። ማሽኗ ዛሬ ሌሊት 24 ሰዓት የሚቆይ ግርግር ብትሰማ እኛ የምናውቀው በቀጠሮአችን ነው። ሌላ አገር መረጃው ከቤት በራሱ ወደ ሐኪሙ ይላካል። የገናው ሌሊት እኛ ዘንድ የደረሰው የካቲት ላይ ነው።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በዝናብ ሄድን። ማንበቢያው ደረቱ ላይ ተደረገ። ሰባት ግርግር፤ ትልቁ 5 ሰዓት ከ6 ደቂቃ፣ ሰኔ ውስጥ፣ ተኝቶ እያለ። ግፊቱ ግን ደህና ይዟል። ዶክተሯ መስመሮቹን አየች፣ ሰፈረችው። "ረዝሟል፤ ግን ያን ያህል አይደለም። ኅዳር ሩቅ አይደለም፣ ያኔ 75..."

"ዶክተር" አላት አባዬ።

ቀና አለች።

"ካርዱ ላይ ያለው ልክ አይደለም።" ኮፍያውን ከጭኑ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። "ትምህርት ቤት ስገባ ዕድሜው አልፏል ብለው እንዳይመልሱኝ አባቴ ሁለት ዓመት ቀንሶ አስመዘገበኝ። ከዚያ በኋላ መታወቂያው፣ ቅጥሩ፣ ጡረታው፣ ሁሉም እየተከተለ ሄደ። ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ሲሸኝ፣ ሚያዝያ 1943፣ እናቴ እጄን ይዛ ለገሀር ወስዳኛለች። አዝላኝ አይደለም። በእግሬ።"

ክፍሉ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ስንት ሺህ ገጽ ያረመ ሰው፣ በእያንዳንዱ ወረቀቱ ላይ አንድ ግድፈት ይዞ ሲኖር ኖሯል። እኔም ልጁ ሆኜ እስከዚያች ቀን ትክክለኛ ዕድሜውን አላውቅም ነበር።

"ስለዚህ አሁን 76 ነዎት" አለች ዶክተሯ በዝግታ። "ለምን የካቲት ላይ አልነገሩኝም?"

"ማሽኗ ትዋሽ እንደሆን ልይ ብዬ" አለ። ከዚያ አፈረ። "ክኒኑን ፈርቼ ነው።"

እጁን ዘረጋ። ካርዱን ሰጠችው። እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ 1943 የሚለውን በአንድ ሰረዝ ሰረዘ፣ ከላዩ 1941 ብሎ ጻፈ፣ ኅዳጉ ላይ የአራሚዎችን ምልክት አኖረበት። ዶክተሯ ካርዱን ተቀብላ አየችው፤ የማዘዣውን ደብተርም ወደ ራሷ ሳበች፣ ግን አልከፈተችውም።

"እሺ አባባ" አለች። "እንደገና እንቁጠር። ግፊት፣ አንድ።"